በጊታር አንገት ላይ የፍሬት ፈር ስለ ማውጣት

ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጣቱ በአንገቱ ላይ የት ማረፍ እንዳለበት የሚነግረው ምልክት የለውም፤ ጆሮው እየመራው ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ የሚሻውን ቃና ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ቢስት እንኳ አድማጭ ሳያውቅበት ፀጉር ታህል ነቅነቅ አድርጎ ስሕተቱን በዚያው ቅጽበት ያርመዋል። በክራርና በበገናም የእያንዳንዱ አውታር ድምፅ በመቃኛው የሚወሰን ስለ ሆነ፣ የደርዳሪው ጆሮ ንቁ እስከ ሆነ ድረስ የጠራቢው የልክ ጉድለት በዜማው ላይ እምብዛም አይታይም። ጊታር ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ፍሬት እየተባሉ የሚጠሩት፣ በአንገቱ ላይ እንደ መሰላል እርከን የተጋደሙት ቀጫጭን ብረቶች አውታሩ በየትኛው ርዝመት እንዲንቀጠቀጥ አስቀድመው የወሰኑ ስለ ሆኑ፣ ለብረቶቹ ማስገቢያ ፈር ያወጣው ሰው ዜማው ገና ሳይታሰብ ለተጫዋቹ ጣት ፈርዶለታል፣ ወይም ፈርዶበታል። ጊታር በቤቱ ለመሥራት የተነሣ ሰው ከሥራው ሁሉ ይልቅ በዚህ ክፍል ላይ እንዲዘገይና እንዲጠነቀቅ የምለምነው ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን አንገት በሠራሁ ጊዜ ይህን ነገር በጉዳት ተማርሁት። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው ፈር ለካሁ፤ ከመጀመሪያው ተነሥቼ ሁለተኛውን፣ ከሁለተኛውም ተነሥቼ ሦስተኛውን፣ እንዲህ እያልሁ በእርሳስ እየሰመርሁ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ። አውታሮቹን ወጥሬ ስቃኝ ባዶው አውታር ያማረ ነበር፤ እስከ አራተኛውና አምስተኛው ፍሬት ድረስም ጆሮ የሚታገሠው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን ድምፁ ከእርከን ወደ እርከን እየሰላ ሔዶ፣ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ከባዶው አውታር ጋር ፈጽሞ የማይታረቅ ሆነ። ማስመሪያ ባስጠጋ በ325 ሚሊ ሜትር ላይ መዋል የነበረበት ፈር በ329 ላይ ውሎ አገኘሁት። በያንዳንዱ እርምጃ የጨመርሁት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ የማይበልጥ ነበር፤ ዐሥራ ሁለቱ ሲሶዎች ተደምረው ግን አራት ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ አራት ሚሊ ሜትርም በዚያ ስፍራ ድምፁን በግማሽ ቃና አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቃል ይህ ነው፤ ፈሮቹ ሁሉ ከአንድ መነሻ፣ በአንድ ማስመሪያ፣ ማስመሪያው ከቦታው ሳይነቃነቅ ይለኩ።

መነሻው ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ ይወሰን። በአንገቱ ራስጌ አውታሮቹ የሚያርፉባት ትንሽ የአጥንት ወይም የጠንካራ እንጨት ቁራጭ አለች፤ ወደ ጊታሩ ሣጥን የሚመለከተው የዚህች ቁራጭ ፊት የልኩ ዜሮ ነው። ብዙ ጀማሪ ከቁራጯ መካከል ወይም ከጀርባዋ ተነሥቶ ይለካል፤ ያን ጊዜ ፈሮቹ ሁሉ በእኩል መጠን ከቦታቸው ይሸሹና፣ እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ደኅና ስለሚመስሉ ስሕተቱ የገባበትን በር ፈልጎ ማግኘት እጅግ ያዳግታል። በሣጥኑ በኩል ደግሞ አውታሮቹ የሚሻገሩበት፣ የበገና ሰዎች በርኩማ የሚሉት ድልድይ አለ። ከዜሮው እስከ በርኩማው ጫፍ ያለው ርዝመት የአውታሩ ልክ ይባላል፤ ይህም ሳይቈረጥ ሌላው ነገር ሁሉ ሊሰላ አይችልም። በእስፓንያ የነበረው ዝነኛ ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1817–1892) ያጸናው የ650 ሚሊ ሜትር ልክ እስከ ዛሬ የክላሲካል ጊታር መደበኛ ልክ ሆኖ ስለሚኖር፣ እኔም ለምሳሌ የምይዘው እርሱን ነው።

አውታር በእኩሌታው ላይ ቢያዝ ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ ይህን ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት ያውቁታል። አስቸጋሪው ነገር ከባዶው አውታር እስከ እኩሌታው ያለውን መንገድ ወደ ዐሥራ ሁለት እኩል የድምፅ እርምጃዎች መክፈል ነበር፤ ምክንያቱም ጆሮ እኩል ነው የሚለው እርምጃ በማስመሪያ ሲሰፈር እኩል አይደለም፤ ወደ በርኩማው በቀረበ ቍጥር እያጠረ ይሔዳል። የታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ የጋሊሌዎ አባት ቪንቼንዞ ጋሊሌይ በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቀረውን የአውታር ርዝመት በየጊዜው ለ18 እየከፈሉ ከዐሥራ ስምንቱ እጅ አንዱን መውሰድ ለሥራው እንደሚበቃ አስረዳ፤ በቻይናም የሚንግ ነገሥታት ዘር የነበረው ልዑል ጁ ዛይዩ በ1584 ገደማ ትክክለኛውን ስሌት ደረሰበት። የ18 ሕግ ለቃል የሚመች፣ ብዙ ትውልድም የተገለገለበት ነው፤ ነገር ግን በ650 ሚሊ ሜትር አውታር ላይ ዐሥራ ሁለተኛውን ፈር በ322.6 ላይ ስለሚያውለው ከእኩሌታው 2.4 ሚሊ ሜትር ያጎድለዋል። ስለዚህ ዛሬ በ18 ፈንታ አካፋዩ 17.817 ነው።

ስሌቱ እንዲህ ይፈጸማል። 650ን ለ17.817 ይክፈሉ፤ 36.48 ያገኛሉ፤ ይህ የመጀመሪያው ፈር ከዜሮው ያለው ርቀት ነው። 36.48ን ከ650 ሲቀንሱ 613.52 ይቀራል፤ ይህን እንደገና ለ17.817 ይክፈሉትና የሚያገኙትን 34.43 በመጀመሪያው ላይ ይደምሩት፤ 70.91 ወይም 70.92 ይሆናል፤ ሁለተኛው ፈር የሚውለው በዚያ ነው። እስከ መጨረሻው በዚህ ሥርዐት ይቀጥሉ፤ በመካከል ክፍልፋዮችን አይቍረጡ፤ የተቈረጠ ክፍልፋይ እንደ እኔው ሲሶዎች ተጠራቅሞ ዋጋ ያስከፍላልና። ተሰልቶ ሲያልቅ ለ650 ልክ የሚመጣው፣ ሁሉም ከዜሮው ተለክቶ፣ በሚሊ ሜትር ይህ ነው፤ የመጀመሪያው 36.5፣ ሁለተኛው 70.9፣ ሦስተኛው 103.4፣ አራተኛው 134.1፣ አምስተኛው 163.0፣ ስድስተኛው 190.4፣ ሰባተኛው 216.2፣ ስምንተኛው 240.5፣ ዘጠነኛው 263.5፣ ዐሥረኛው 285.2፣ ዐሥራ አንደኛው 305.7፣ ዐሥራ ሁለተኛው 325.0፤ ከዚያም በላይ 343.2፣ 360.5፣ 376.7፣ 392.0፣ 406.5፣ 420.2፣ በመጨረሻም ዐሥራ ዘጠነኛው 433.1።

የራስዎን ልክ መርጠው ሲያሰሉ፣ መጋዝ ከማንሣትዎ በፊት ቍጥሮቹን በአራት ምስክሮች ይመርምሯቸው። ዐሥራ ሁለተኛው ከአውታሩ ልክ እኩሌታ ላይ ያለ አንዳች ልዩነት መዋል አለበት። ሰባተኛው ከሲሶው፣ አምስተኛው ከሩቡ፣ ዐሥራ ዘጠነኛውም ከሁለት ሲሶው አጠገብ ይውላሉ፤ ልዩነታቸውም በ650 ልክ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከዚህ የራቀ እንደ ሆነ ስሌቱ በአንድ ስፍራ ተሰናክሏልና ከመጀመሪያው ይመለሱ።

በዚህ ስፍራ ለአገራችን ዜማ አሳቢ የሆነ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይህ የዐሥራ ሁለት እኩል ክፍፍል ከአውሮፓ የመጣ ስምምነት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በክራር ሲቃኙ በጆሮ የሚቃኙ ናቸው፤ በተለይም አንቺ ሆዬን አንድ አዋቂ ሲቃኘው ድምፁ በሁለት ፍሬቶች መካከል ወድቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ልብዎ ወደዚያ የሚያደላ ከሆነ አንገቱን ጨርሶ ሳያርሱ መተው፣ ወይም የቱርክ ሳዝ እንደሚደረግለትና የአውሮፓ ጥንታውያን ሉቶች ይደረግላቸው እንደ ነበረው፣ ጅማት ወይም ናይለን በአንገቱ ዙሪያ አጥብቆ አስሮ ወዲያና ወዲህ የሚነዳ ፍሬት ማድረግ ይችላሉ። እኔ ይህን ከልብ እደግፋለሁ። ፈሩን ለማውጣት የወሰነ ግን ወስኗልና፣ አሠራሩን እንቀጥል።

ጣት የሚረግጠው ሰሌዳ ከአንገቱ ተለይቶ፣ ከጠንካራ እንጨት ይዘጋጅ። ለአንገቱ ለመጥረብ የሚታዘዝና ቀላል የሆነው ዋንዛ መልካም ነው፤ ለሰሌዳው ግን ብረቱን ነክሶ የሚይዝ፣ በጣትና በአውታር ቶሎ የማይበላ እንጨት ያሻል፤ በደንብ የደረቀ ወይራ ካገኙ ከዚያ የተሻለ አይፈልጉ። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ሰባ ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከአርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር የማያንስ ርዝመት ይኑረው። የተቈረጠው እንጨት ጊታሩ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ጥቂት ሳምንት ተቀምጦ ከአየሩ ጋር ይላመድ። እንጨት በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲኮማተር የሚለዋወጠው በስፋቱ ነው፤ በርዝመቱ የሚያደርገው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ የፈሮቹ ርቀት በወቅት መለዋወጥ አይናወጥም፤ ያልደረቀ እንጨት የሚያመጣው ጣጣ ሰሌዳው ጠብቦ የብረቶቹ ጫፍ በጎንና በጎን ብቅ እያለ እጅ መቧጠጡ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሰሌዳው አንዱ ጠርዝ እንደ ብርሃን ጨረር ቀጥ እስኪል ድረስ ይላግ። የጊታር አንገት ወደ ራስጌው እየጠበበ የሚሔድ መሆኑን አውቀው ሰሌዳውን አስቀድመው ሊያጠቡት ይፈልጉ ይሆናል፤ እባክዎ አይቸኩሉ። ዐናጺዎች ስኳድራ የሚሉት ማዕዘን ማውጫ የሚደገፈው በዚህ ቀጥተኛ ጠርዝ ላይ ስለ ሆነ፣ ጠርዙ አስቀድሞ የተዛነፈ እንደ ሆነ ፈሮቹ ሁሉ ተከትለው ይዛነፋሉ። ማጥበቡም፣ ፊቱን ማጎበጡም፣ ከአንገቱ ጋር በኮላ ማጣበቁም ፈሮቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ የሚደረጉ ናቸው።

አሁን ምልክት ወደ ማድረጉ እንምጣ። ብራና የሚጽፉ ሊቃውንት ገጹን ሲያሰናዱ በቀለም አያሰምሩም፤ በወስፌ ጫፍ በጠርዙ ላይ ጥቃቅን ነጥቦችን ወግተው፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀለም የሌለው ሥርጉድ መስመር ይስባሉ፤ መስመሩ ውፍረት ስለሌለው ፊደሉ የሚቀመጥበት ስፍራ አያጠራጥርም። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። በሚገባ የተቀረጸ የእርሳስ መስመር እንኳ ሲሶ ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ሲሶ ሚሊ ሜትርም ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ስለዚህ ስለታም የካተር ምላጭ ይያዙ።

ባለ ስድሳ ሳንቲ ሜትር የብረት ማስመሪያ ያግኙ፤ ባለ ሠላሳውን እያዘዋወሩ መለካት ወደ ቀድሞው ስሕተት መመለስ ነውና ከሌለዎት ተውሰው ያምጡ። የማስመሪያው ጫፍ በአገልግሎት ብዛት የተበላ ስለሚሆን፣ ከጫፉ ሳይሆን ከ100 ሚሊ ሜትሩ ጭረት ይነሡ፤ ይህን ጭረት በሰሌዳው ላይ በምላጭ ካሰመሩት የዜሮ መስመር ጋር አጋጥመው፣ ማስመሪያውን በቀጥተኛው ጠርዝ ትይዩ አድርገው በሁለት ሞርሳ ያጥብቁት። እንግዲህ በእያንዳንዱ ቍጥር ላይ መቶ ይጨመራል፤ የመጀመሪያው ፈር በ136.5፣ ዐሥራ ሁለተኛው በ425.0 ላይ ይነበባል። የተጨመረበትን ቍጥር ሁሉ በወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያኑሩ፤ በቃል መደመር በመካከል ያሳስታል።

መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን በሚመጣበት ስፍራ ይቀመጡ። አንድ ዐይንዎን ጨፍነው፣ ሌላውን ከጭረቱ በላይ ቀጥ አድርገው ያኑሩት፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ዐይን ጭረቱን ከቦታው ያሸሸዋል። የምላጩን ጫፍ በማስመሪያው ጠርዝ ላይ አስደግፈው ያቁሙና፣ ሳይጎትቱ፣ ጠቅ ብቻ ያድርጉት። በወይራው ቡናማ ፊት ላይ የቍንጫ ንክሻ የምታህል ነጥብ ትቀራለች፤ ያች ነጥብ ትበቃለች። በሁለት የሚሊ ሜትር ጭረቶች መካከል ያለውን ዐሥረኛ እጅ በዐይን መገመት ግድ ስለሚሆን አጕሊ መነጽር ቢኖር ይረዳል፤ ሳይጣደፉ ከሠሩ ከሁለት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር በላይ አይስቱም፤ ይህም ለጆሮ ከሚሰማው በታች ነው። ዐሥራ ዘጠኙ ነጥቦች ተወግተው ሲያልቁ፣ ማስመሪያውን ከማንሣትዎ በፊት እንደገና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየተመለሱ ያንብቧቸው።

ከዚያ በኋላ ስኳድራውን በቀጥተኛው ጠርዝ ላይ አጥብቀው ይያዙ፤ የምላጩን ጫፍ በመጀመሪያ በነጥቧ ውስጥ ያሳርፉ፤ ስኳድራውን ምላጩን እስኪነካ ድረስ ያስጠጉት እንጂ፣ ምላጩን ወደ ስኳድራው አይውሰዱት። አንድ ጊዜ በቀላሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ጫን ብለው ከዳር እስከ ዳር ይሳቡ። መጀመሪያውኑ በኀይል የሳቡ እንደ ሆነ ምላጩ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይኮበልላል።

ስለ መጋዙ ጥቂት ልበል። የፍሬቱ ብረት ከላይ ክብ ራስ፣ ከሥሩ ቀጭን እግር አለው፤ በፈሩ ውስጥ የሚገባው እግሩ ነው፤ ውፍረቱም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። ፈሩ ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር መስፋት አለበት ማለት ነው። የዐናጺ መጋዝ ከዚህ እጅግ ይሰፋል፤ የሰጌቶ ምላጭም ጥርሶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለ ተጣመሙ እንዳለ አይሆንም፤ በዘይት ርሶ በሁለቱም ጎን በመሳያ ድንጋይ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ ጥርሶቹ እስኪስተካከሉ ሲሳል ግን በብዙ ይቀጥናል። ማንኛውንም መጋዝ ቢይዙ፣ አስቀድመው ከዚያው ከሰሌዳው እንጨት በተረፈ ቁራጭ ላይ አንድ ፈር ያውጡና ብረቱን ይሞክሩት። በጣት ተጭኖ የሚገባ ከሆነ ፈሩ ሰፍቷል፤ በትንሽ መዶሻ ጠንከር ተደርጎ ተመትቶም የማይገባ ከሆነ ጠቧል፤ በግዴታም ቢገባ ጠባብ ፈሮች ተደማምረው አንገቱን ወደ ኋላ ያጎብጡታል። በሦስት አራት ለስላሳ ምት ገብቶ፣ በጥፍር ሲነቀል እምቢ የሚል ልክ ነው።

የፈሩ ጥልቀት ከብረቱ እግር በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ይብለጥ፤ እግሩ 1.5 ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ይህን በግምት አይተዉት፤ ከመጋዙ ጥርስ 2 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በምላጩ ጎን ቀጭን የእንጨት ዘንግ ያጣብቁ፤ ዘንጉ ሰሌዳውን ሲነካ መጋዙ በራሱ መቍረጡን ያቆማል።

መጋዙ ቀጥ ብሎ እንዲሔድ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው፣ ጎኑ በማዕዘን የተላገ ጉማጅ ያዘጋጁ። የመጋዙን ጥርስ በምላጭ በተሰመረችው ሥርጉድ ውስጥ ያሳርፉ፤ ዘንጉ በሌለበት ወገን ጉማጁን የመጋዙን ምላጭ እስኪነካ ድረስ ገፋ አድርገው በሞርሳ ያጥብቁት፤ ከዚያም የምላጩን ጎን በጉማጁ ላይ አስደግፈው፣ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ራስዎ ብቻ ይጎትቱ። ጥርሱ ፈሩን ከያዘ በኋላ ወዲያና ወዲህ ይቀጥሉ፤ ክብደት አይጫኑ፤ መጋዙ በራሱ ክብደት ይብላ። ወይራ ሲቈረጥ የሚወጣው ብናኝ እንደ ዱቄት የላመና ቅባት ያለው ስለ ሆነ በፈሩ ውስጥ ይጠቀጠቅና ያልደረሰውን ጥልቀት የደረሰ ያስመስላል፤ ከየጥቂቱ ጕተታ በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። የመጋዙ ድምፅ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ከተለወጠ ምላጩ ተጣሞ ጉማጁን እየተጫነ ነውና እጅዎን ያላሉት። የዜሮው መስመር ብቻ በመጋዝ አይፈጸምም፤ ከመስመሩ ውጪ በጥቂቱ አስቀርተው ይቍረጡና፣ የቀረውን በሞረድ እስከ መስመሩ ይጨርሱት።

አንዱ ፈር ቢሳሳት ሰሌዳው አልጠፋም። ከዚያው እንጨት ፈሩን በልክ የሚሞላ ቀጭን ልጥ አውጥተው በኮላ ያስገቡት፤ አንድ ቀንና ሌሊት ከደረቀ በኋላ ፊቱን አስተካክለው እንደገና ይለኩ፤ ሲለኩም ከጎረቤቱ ፈር ሳይሆን ከዜሮው ይነሡ። አዲሱ መስመር ከተሞላው ጋር እጅግ የተቀራረበ ከሆነ መጋዙ ወደ አሮጌው መንገድ መሸሽ ይወዳልና ጉማጁ በእጥፍ ይጥበቅ።

ፈሮቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ሞረድ በእያንዳንዱ አፍ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ያሳልፉ፤ ስለቱ የተሰበረ አፍ ብረቱን በቀላሉ ይቀበላል፤ ከዓመታት በኋላ ያረጀው ፍሬት ሲነቀልም እንጨቱ አይፈነጠርም። አሁን ሰሌዳውን ማጥበብ፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከአንገቱ ጋር ማጣበቅ ይቻላል።

በርኩማውን ለዘለቄታው ከማጣበቅዎ በፊት ግን አንድ አውታር ብቻ ይወጥሩ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ፈርም አንድ ፍሬት ያስገቡ። ከፍሬቱ በላይ አውታሩን በጣት ጫፍ ሳይጫኑ ነካ አድርገው ይምቱት፤ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ይሰጣል። ቀጥለው በዚያው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱት። የተጫኑት ከጠራው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ይህ ጣት ሲጫን አውታሩ በመለጠጡ የሚመጣ ነውና፣ በርኩማውን ወደ ኋላ ጥቂት ይግፉት፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ እስኪሆኑ ድረስ ከ650ው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሊጨምር ይችላል። አንድ በሆኑበት ስፍራ በምላጭ ጫፍ ይውጉት፤ በርኩማው የሚተከለው በዚያ ነው።